ካታማራን በአፍንጫው እንዳይደፋ
የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጭንቀት ላይ ነው። ትንሽ ካታማራን በኃይለኛ ነፋስ ሲከንፍ ድንገት አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ይተክላል፤ ኋላው ይነሳና በግንባሩ ይደፋል። ወደ ጎን መገልበጥ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀስ ብሎ ይመጣል። በግንባር መደፋት ግን ሰውን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራል።

መጀመሪያ በቃላት እንስማማ። ካታማራን ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች ጎን ለጎን ሆነው በሁለት አግዳሚ ቱቦዎች የተያያዙበት፣ መሀላቸው ላይ ትራምፖሊን የተወጠረበት ጀልባ ነው። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያለውን ታንኳ «ላይኛው»፣ ነፋሱ ከሚሄድበት ወገን ያለውን «ታችኛው» እንላለን። የታንኳው የፊት ጫፍ «አፍንጫ» ይባልልን። ፍጥነትን በኖት እንለካለን፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥር ስንጠቅስ በአብዛኛው ሆቢ 16 የሚባለውን፣ አምስት ሜትር ያህል የሚረዝመውን የካታማራን ዓይነት ይዘን ነው፤ የጻፉልን ሰዎች ብዙዎቹ ያላቸው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ያገለገለ ሆቢ 16 ገዝተን በሀይፋ ባሕር ዳርቻ እንወጣበታለን። በቅርቡ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ 18 ኖት ገደማ ነበር። ከጎን እየመጣልን በደስታ ስንከንፍ የታችኛው ታንኳ አፍንጫ ጠለቀ፤ ጀልባው ቀጥ አለና ኋላው በላያችን መጣ። ነፋሱ የመጣው ከጎን ነው፤ ታዲያ ለምን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊት ተደፋን? (ሁለት ጓደኛሞች፣ ሀይፋ)

መልስ፦ ነፋሱ ከጎን ቢመጣም ሸራው ወደ ፊትም ይገፋችኋል፤ ጀልባውን የሚያስኬደው ያ ግፊት ነው። ጣጣው ያለው በከፍታው ላይ ነው። የሆቢ 16 ምሰሶ 8 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሁለቱ ሸራዎች ተደምረው 20 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። የግፊታቸው መሀል ከውሃው በላይ ሦስት ሜትር ከምናምን ላይ ያርፋል፤ ጀልባውን የሚይዘው ውሃ ደግሞ ከታች ነው። ቁም ሳጥንን አናቱን ይዛችሁ ስትገፉት እግሩ ምንጣፍ ላይ ቢያዝ ምን ይሆናል? እሱን አስቡት።

ለግምት ያህል በቁጥር እንየው። ሸራው ወደ ፊት በ50 ኪሎ ኃይል ቢገፋና የግፊቱ ከፍታ 3.5 ሜትር ቢሆን፣ የመድፋት ጉልበቱ 175 ኪሎ ሜትር ነው (ኪሎው በሜትር ተባዝቶ ማለት ነው፤ መንገድ እንዳይመስላችሁ)። ሁለታችሁ 140 ኪሎ ብትመዝኑና አንድ ሜትር ወደ ኋላ ብትሸሹ 140ውን ታጠፋላችሁ። የተረፈውን የሚሸከመው የታችኛው ታንኳ አፍንጫ ነው። ጀልባው 145 ኪሎ፣ እናንተ 140፣ በጠቅላላው 285 ኪሎ፤ ላይኛው ታንኳ ከውሃ ሲነሳ ይህ ሁሉ በአንድ ቀጭን ታንኳ ላይ ይጫናል። የሆቢ 16 ታንኳ ደግሞ እንደ ሙዝ የጎበጠ፣ ፊቱ የሰላ ነው። አፍንጫውን ቀና ማድረጉ የጣናን የደንገል ታንኳ ያስታውሳል፤ ግን የአፍንጫው ውስጥ ይዘት ትንሽ ስለሆነ አንዴ ከጠለቀ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ብዙ አይደለም። ይባስ ብሎ የታንኳው ጣሪያ ከውሃው በታች ሲገባ፣ በላዩ የሚያልፈው ውሃ ወደ ታች ይጫነዋል።

በነፋስ ኃይል ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌት አለ። ነፋሱ ከ10 ኖት ወደ 20 ኖት ሲያድግ ሸራው ላይ የሚያርፈው ኃይል አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ከ15 ወደ 20 ብቻ እንኳ ቢያድግ ኃይሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። «ትንሽ ጠንከር አለ እንጂ ያው ነው» የሚባለው ነፋስ ያው አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጀልባው ሲቆም የሚሆነው ነው። ነፋሱ ከኋላችሁ 20 ኖት ቢሆንና እናንተ በ12 ኖት ብትሸሹት፣ ሸራው የሚሰማው 8 ኖት ብቻ ነው። ፊታችሁ ላይ ቀለል ያለ ነፋስ ስለሚነካችሁ ትዘናጋላችሁ። በዚህ መሀል አፍንጫው ማዕበል ወግቶ ጀልባው ቢቆም፣ ሸራው በአንድ ጊዜ ሙሉውን 20 ኖት ይቀበላል። ከ8 ወደ 20 ማለት በኃይል ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። አፍንጫው የጀመረውን ነፋሱ የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም ነገር በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያለቀ የሚመስላችሁም ለዚሁ ነው።

ነፋስ ከጎን ሲመጣ አደጋው የሚበዛበትም ምክንያት አለ። ወደ ነፋሱ ተጠግታችሁ ስትሄዱ አብዛኛው ግፊት ወደ ጎን ነው፤ ሲበዛባችሁም ጀልባውን ትንሽ ወደ ነፋሱ መለስ ብታደርጉ ሸራው ይፈታል። ከጎን ሲሆን ግን የፊት ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ማምለጫው ደግሞ ወደ ሁለቱም ወገን ሩቅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የት ነው መቀመጥ ያለብን? ያስተማረን ሰው «ወደ ፊት ቅረቡ፣ ኋላው ውሃ እንዳይጎትት» ይለን ነበር። ሻማል (የእኛ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ) ሲነፍስ ግን እንደዚያ ስናደርግ አፍንጫው ይጠልቃል። ባልደረባዬ ትራፒዝ (ከምሰሶው ወርዶ ሰውን ከጀልባው ውጭ የሚያንጠለጥል ሽቦ) ላይ ይወጣል፤ እኔ መሪ እይዛለሁ። (አንባቢ፣ ዱባይ)

መልስ፦ አስተማሪዎ አልተሳሳቱም፤ ምክሩ ግን ለቀላል ነፋስ ነው። በ6 እና በ8 ኖት ኋላው ሲዘፈቅ ጀልባው ውሃ ይጎትታል፤ ወደ ፊት መቅረብ ፍጥነት ይሰጣል። በ18 ኖት ያው ልማድ መቅሰፍት ነው።

ዓይንዎን የሚጥሉበት ቦታ የታችኛው ታንኳ አፍንጫ ነው። ውሃው ከታንኳው ጣሪያ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ከታየ ደህና ነው። ወደ አራት ጣት ከጠበበ ሁለታችሁም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላላችሁ። ውሃ በጣሪያው ላይ መንሸራተት ከጀመረ ሸራ ማላላት አለባችሁ፤ መቀመጫ ብቻውን አይበቃም።

ወደ ነፋሱ ተጠግታችሁ ስትሄዱ የባልደረባዎ እግር ከጎን ሽቦው ትንሽ ኋላ ቢሆን ይበቃል፤ እርስዎም አጠገቡ ይሁኑ። ነፋሱ ወደ ጎን ሲዞር ባልደረባዎ ወደ ኋላኛው አግዳሚ ቱቦ ይሸሻል፤ እርስዎ ደግሞ ከቱቦው ኋላ፣ ከታንኳው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለታችሁ ተጣብቃችሁ መቀመጥ አለባችሁ፤ ተራርቃችሁ ከሆነ የፊተኛው ሰው ክብደት የኋለኛውን ያጣፋል። መጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለብዎ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ቦታ ካልለቀቁ ባልደረባዎ የሚሄድበት የለውም።

ትራፒዝ ላይ ያለ ሰው የራሱ ችግር አለው። አፍንጫው ሲጠልቅ ጀልባው ፍጥነት ይቀንሳል፣ የተንጠለጠለው ሰው ግን በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል። ሽቦው እንደ ዥዋዥዌ ወደ ፊት ይወስደውና 70 ወይም 80 ኪሎ ክብደት ልክ በማይፈለግበት ሰዓት ወደ አፍንጫው ይሄዳል። ከዚያም በፊተኛው ሽቦ ዙሪያ ዞሮ ከምሰሶው ወይም ከታንኳው ጋር ይላተማል። መከላከያው ሁለት ነው፦ ኋለኛውን እግር የሚያስገባበት የእግር ማሰሪያ በታንኳው ጠርዝ ላይ፣ ወይም ከኋላኛው ጥግ የሚነሳና በእጅ ወይም በወገብ መንጠቆ የሚያዝ አጭር ገመድ። አቋቋሙም እግር ከትከሻ ሰፋ ተደርጎ፣ የፊተኛው እግር ተገትሮ፣ የኋለኛው ትንሽ ታጥፎ ነው። ማዕበል ባለበት ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አያዋጣም፤ ማዕበሉ ሰውነቱን መትቶ ከታንኳው ያነሳዋል።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር። የሆቢ 16 ውድድር ዝቅተኛ የሠራተኞች ክብደት 129 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለታችሁ ከዚያ በታች ከሆናችሁ፣ ከባድ ሰዎች በ20 ኖት የሚያጋጥማቸው እናንተን በ16 እና በ17 ያጋጥማችኋል።

ጥያቄ፦ ቼሳፒክ ቤይ ላይ በሆቢ 16 እወጣለሁ። አፍንጫው ሲጠልቅ የዋናውን ሸራ ገመድ ወዲያው እለቀዋለሁ፤ አንዳንዴ ይረዳል፣ አንዳንዴ ምንም አይለውጥም። የቱ ሸራ ነው መጀመሪያ የሚላላው? ከመውጣታችን በፊትስ ምን እናስተካክል? (አንባቢ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከባሕሩ በፊት ባሕሩ ዳርቻ ላይ የሚሠራውን እናስቀድም፤ ግማሹ ሥራ እዚያ ነው የሚያልቀው።

ዳውንሆሉን (ዋናውን ሸራ ወደ ታች የሚወጥረውን ገመድ) በደንብ ይሳቡ። በሆቢ 16 ላይ ቡሙ (የሸራው ግርጌ የሚወጠርበት አግድም ዘንግ) ራሱ በምሰሶው ሐዲድ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ገመዱን እየሳቡ ክብደትዎን ቡሙ ላይ ያሳርፉ። ከምሰሶው ኋላ ያለው የሸራ ጠርዝ ሽብሽቡ ጠፍቶ እንደ ከበሮ ቆዳ ሲወጠር ልክ ነው። ይህ ሸራውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ የላይኛውን ጫፍም ነፋስ እንዲያስተነፍስ ይከፍተዋል። ሸራው አናት ላይ የሚያርፍ ኃይል በ7 ሜትር ከፍታ የሚገፋ ስለሆነ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት እሱ ነው። በቡሙ ላይ የሸራውን ግርጌ የሚወጥረውን ገመድም እስከ መጨረሻው ይሳቡ።

ባተኖቹን (በሸራው ኪሶች ውስጥ የሚገቡትን ቀጫጭን ዘንጎች) ከመጠን በላይ አያጥብቁ። ባተን ሲጠብቅ ይጎብጣል፣ ሸራው ሆድ ያወጣል። በኪሱ ላይ ያለው ሽብሽብ እስኪጠፋ ብቻ ይበቃል።

ምሰሶውን ወደ ኋላ ያዘንብሉ። የፊት ሽቦውን በማስረዘም፣ የጎን ሽቦዎቹን ፒን ወደ ታችኛው ቀዳዳ በማውረድ ነው የሚሠራው። ብዙዎች የሚከተሉት ምልክት የዋናው ሸራ ገመድ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ የላይና የታች ፑሊዎቹ ሊነካኩ መቃረባቸው ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ፑሊ ከፑሊ ተገጥሞ ሸራው ሳይወጠር ይቀራል። ዝንባሌው ሲጨምር መሪው በእጅዎ ላይ ይከብዳል፤ መሪው ወደ ታች በትክክል ወርዶ መቆለፉን ያረጋግጡ፤ በከፊል የተነሳ መሪ በከባድ ነፋስ አይታዘዝም።

የፊት ሸራውን ገመድ መያዣዎች በፊተኛው አግዳሚ ላይ ወደ ውጭ ያንሸራትቱ። በሆቢ 16 ላይ ለመደፋት ትልቁ ተጠያቂ ጥብቅ የፊት ሸራ ነው። ዋናው ሸራ እየተላላ የፊት ሸራው ተቆልፎ ከቀረ ጀልባው ከፊቱ ብቻ ይጎተታል፤ አፍንጫውም ወደ ታች ይሄዳል፣ ወደ ነፋሱ ተመልሶ ማምለጥም አይችልም። እርስዎ የገጠመዎት «አንዳንዴ ምንም አይለውጥም» የሚለው ነገር በአብዛኛው ይህ ነው።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ነፋሱ ከጎን ሲሆን መጀመሪያ የፊት ሸራው ይላላል፤ ባልደረባዎ ገመዱን በክሊት (ገመድ ነክሶ በሚይዝ ጥርስ) ሳይቆልፍ በእጁ ይዞ ግማሽ ሜትር ያህል ይለቃል። ወዲያው ትራቨለሩ (የዋናውን ሸራ ገመድ ይዞ በኋላኛው አግዳሚ ላይ የሚንሸራተተው መያዣ) ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ከዚያም የዋናው ሸራ ገመድ። ነፋሱ ብርቱ ሲሆን ትራቨለሩን ገና ከመጀመሪያው ከመሀል 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ አድርገው ይነሱ። የዋናውን ሸራ ገመድ በጥርሱ ላይ አስተኝቶ መንዳት የሰነፍ ሥራ ነው፤ ጥርሱ ሲወጠር ወደ ታች ካልተመታ አይለቅም፣ እርስዎ ደግሞ በዚያ ሰዓት ወደ ኋላ እየሸሹ ነው።

ነፋሱ ከኋላ ጎን ሲሆን ሌላ ችግር ይገጥምዎታል። የሆቢ 16 የጎን ሽቦዎች ከምሰሶው ኋላ ስለሚታሰሩ ዋናው ሸራ ትንሽ እንደተላላ ሽቦው ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ገመዱን ምንም ያህል ቢለቁ ሸራው ነፋስ ማፍሰስ አይችልም። ገመዱ ያለቀበት ቦታ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚያድንዎ መሪውና መቀመጫው ብቻ ናቸው።

ትልልቆቹን ጀልባዎች በስፒናከር (ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ከፊት በሚዘረጋ ትልቅ ሸራ) ለሚነዱ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በፎርሙላ 18 እና በመሳሰሉት የውድድር ካታማራኖች ላይ ስፒናከር ተዘርግቶ ሳለ የዋናውን ሸራ ገመድ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ምሰሶ ያሰብራል። የዋናው ሸራ ኋላ ጠርዝ ምሰሶውን ከኋላ ሆኖ የሚይዝ ገመድ ሆኖ ያገለግላልና። እዚያ የሚለቀቀው የስፒናከሩ ገመድ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ነፋሱ ስሄድ ቆይቼ ወደ ኋላ መዞር ስፈልግ፣ መሀል ላይ ሁልጊዜ ልደፋ እደርሳለሁ። እንዴት ነው በደህና የሚታጠፈው? መሪውንስ አፍንጫው ሲጠልቅ ወዴት ልምራ? (አንባቢ፣ ጀርመን)

መልስ፦ የገለጹት ቦታ ባለሙያውንም አይምርም። በጥቅምት 2012 (እ.ኤ.አ.) ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የአሜሪካ ዋንጫ ተወዳዳሪው የኦራክል ቡድን 22 ሜትር የሚረዝም አዲስ ካታማራን በልምምድ ላይ ሳለ የተደፋው ልክ ይህንኑ መታጠፊያ ሲያደርግ ነው። ጀልባው ከነፋሱ ሲርቅ በመሀል ነፋሱ ከጎን የሚመጣበትን ማዕዘን ማለፍ ግድ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሸራው ገና በተወጠረበት ሁኔታ ነው። ሙሉ ጉልበት፣ ከፍተኛ የፊት ግፊት፣ እየጨመረ ያለ ፍጥነት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ።

ስለዚህ መታጠፉ የሚጀምረው ከመሪው በፊት ነው። ሁለታችሁም አስቀድማችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፤ ባልደረባዎ እግሩን ማሰሪያው ውስጥ ያስገባል። የፊት ሸራው ይላላል። ትራቨለሩ ወደ ውጭ ይለቀቃል። ከዚያ የነፋሱን ሁኔታ ይመለከታሉ፤ ውሃው ላይ እየጠቆረ የሚመጣው ጥላ ብርቱ ነፋስ ነው፤ እሱ ካለፈ በኋላ ባለው መላላት ይጠቀሙ። ማዕበል ካለ ሲወጡት ሳይሆን፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱና ወደ ታች መውረድ ሲጀምሩ ይታጠፉ። ጀልባውን በለስላሳ፣ ግን ሳያቋርጡ ያዙሩ። መሀል ላይ ፈርተው ማቆም የስህተቶች ሁሉ ራስ ነው፤ አደገኛው ማዕዘን ላይ ማረፍ ማለት ነው። ነፋሱ ከኋላ ጎን ሲሆን ሸራዎቹን እንደገና ያስተካክላሉ።

አፍንጫው ሲጠልቅ ወዴት ይመራ ለሚለው፣ መልሱ የት እንደነበሩ ይወሰናል። ወደ ነፋሱ ቀረብ ብለው ከነበረ ሸራ እያላሉ ወደ ነፋሱ ትንሽ ይመልሱ። ነፋሱ ከጎን ወይም ከኋላ ጎን ከነበረ ከነፋሱ ይሽሹ፤ ጀልባው ሲሸሽ ሸራው የሚሰማው ነፋስ ይቀንሳል፣ አፍንጫውም ይነሳል። በዚህ ጊዜ በድንጋጤ ጀልባውን ወደ ነፋሱ መመለስ፣ የተጀመረውን ድፋት ይጨርሰዋል። ጀልባው በፍጥነት ወደ ነፋሱ ሲዞር ክብደቱ ሁሉ መኪና በጥምዝ መንገድ ላይ እንደሚያደርገው ወደ ውጭ ይጣላል፤ ውጭው ደግሞ የታችኛው ታንኳ አፍንጫ ነው። ሸራውም በዚያው ቅጽበት ሙሉውን ነፋስ ይቀበላል። ከላይ ከሀይፋ የጻፉልን ጓደኛሞችም በደብዳቤያቸው መጨረሻ «ወደ ነፋሱ ልንመልሰው ስንል» ብለዋል።

በማዕበል ላይ ጀልባው ከማዕበሉ ሲፈጥን ከፊቱ ያለውን ማዕበል ጀርባ ይወጋል። ወርደው ሸለቆው ላይ ሊደርሱ ሲሉ ማዕበሉን ፊት ለፊት ከመምታት አቅጣጫውን ትንሽ አዝንብለው በሸለቆው ርዝመት ይንሸራተቱ። እዚህ ላይ ጥንቃቄው መጠኑ ነው፤ አሥር ዲግሪ ያህል ማዝመም እንጂ ወደ ነፋሱ መዞር አይደለም።

ነፋስ ከኋላ ሆኖ ሸራውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲያዞሩ፣ ደመ ነፍስ «መጀመሪያ ፍጥነት ቀንስ» ይላል። ስህተት ነው። በ20 ኖት ነፋስ በ12 ኖት ስትሄዱ ሸራው ላይ ያለው 8 ኖት ስለሆነ ቡሙ በቀላሉ ይሻገራል። ፍጥነት ካጠፋችሁ ቡሙ በ20 ኖት ጉልበት ተወርውሮ ይመጣል። የሚዞረው ጀልባው በሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሳለ፣ ከማዕበል ሲወርድ ነው። ካላመኑበት ደግሞ ሌላም መንገድ አለ፦ ሸራዎቹን ስበው ወደ ነፋሱ ዞረው፣ በነፋሱ በኩል አፍንጫውን አሳልፈው ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገሩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ማንም ግን አይታዘብዎትም።

ጥያቄ፦ ጀልባችን ከዓመት ዓመት አፍንጫው እየከበደ የሄደ ይመስለናል። አርጅቶ ነው? (አንባቢ፣ ኢላት)

መልስ፦ ውሃ አስገብቶ ነው። ታንኳዎቹ ውስጣቸው ክፍት ቦታ ነው፤ አፍንጫው ባዘነበለ ቁጥር ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ፊት ይሮጣል። አምስት ሊትር አምስት ኪሎ ነው፤ ያ አምስት ኪሎ ሁለት ሜትር ተንሸራቶ አፍንጫው ላይ ሲከመር ለመደፋት ያግዛል። ከባሕር ስትወጡ ኋላ ያሉትን ውታፎች ንቀሉና አፍንጫውን ከፍ አድርጋችሁ ስንት እንደሚወጣ በሊትር ለኩ። አንድ ኩባያ ቢሆን ግድ የለም። ከሁለት ሊትር በላይ ከሆነ ቀዳዳ ፈልጉ። የውታፉን ጎማ አስቀድማችሁ እዩ፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ደህና ከሆነ ታንኳውን የሳሙና ውሃ ቀቡና በውታፉ ቀዳዳ በቱቦ በአፋችሁ ንፉበት፤ አረፋ የሚነሳበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጣሪያውና በጎኑ መጋጠሚያ ወይም አግዳሚዎቹ በሚታሰሩበት አካባቢ ይገኛል። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ግን አታስጠጉ፤ መጋጠሚያውን ይፈለቅቀዋል።

ኢላት ላይ ስላላችሁ ሌላም ነገር እንንገራችሁ። እዚያ በአብዛኛው የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ ነው። ከሰሜናዊው ባሕር ዳርቻ ስትነሱ ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል፤ የተሸሸገ ነው እንጂ ነፋሱ አልጠፋም። ራቅ ባላችሁ ቁጥር ነፋሱም ማዕበሉም ይጨምራል፣ የሚገፋውም ወደ ባሕረ ሰላጤው መሀል ነው። ተደፍታችሁ ከቀራችሁ ወደ ዳርቻው የሚመልሳችሁ የለም። ኪነሬት (የገሊላ ባሕር) ላይ የሚወጡም በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን የምዕራብ ነፋስ ያስቡ፤ ጠዋት መስታወት የነበረው ሐይቅ በአጭር ጊዜ ነጭ ይለብሳል። ነጭ የማዕበል ጫፍ እዚህም እዚያም መታየት የሚጀምረው በ12 ኖት አካባቢ ነው፤ ለጀማሪ የመመለሻ ሰዓቱ ያ ነው። ገጽታው ሁሉ ነጭ ከሆነና ነፋሱ 20 ኖት ካለፈ፣ ያልለመደ ሰው በሆቢ 16 ባይወጣ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎም ብንደፋስ? (አንባቢ፣ ዱባይ፤ ከላይ የጻፉልን)

መልስ፦ አፍንጫው ጠልቆ ውሃው የፊተኛውን አግዳሚ ቱቦ ከደረሰ መመለስ የለም፤ ቱቦውና ትራምፖሊኑ ውሃ ይይዛሉና። በዚያ ሰዓት ሥራዎ አለመወርወር ብቻ ነው። የጀልባውን ጠርዝ ወይም የእግር ማሰሪያውን ይያዙ፣ ዝቅ ይበሉ። ውሃ ውስጥ ከወደቁ ጀልባውን አይልቀቁ፤ ሸራው ነፋስ ይዞ ከዋናተኛ ይፈጥናል።

መጀመሪያ ባልደረባዎን ይጥሩ፣ ከትራፒዝ መንጠቆው መላቀቁን ይዩ። ለዚህ ነው ላይፍ ጃኬቱ ላይ ስለታም አጭር ቢላ፣ ራስ ላይ ደግሞ ሄልሜት የሚያስፈልገው። ከዚያ ሁሉንም የሸራ ገመድ ከክሊት ያላቅቁ፤ ገመዱ ተቆልፎ የተነሳ ጀልባ ባዶውን ይሮጣል። አንዳችሁ ወደ ታንኳው አፍንጫ ስትጠጉ ጀልባው ዞሮ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያደርጋል። የማንሻውን ገመድ በላይኛው ታንኳ ላይ ወርውሩ፤ ሁለታችሁም ታችኛው ታንኳ ላይ ቆማችሁ ገመዱን ይዛችሁ ወደ ኋላ ተንጠልጠሉ። ምሰሶው ከውሃ ሲላቀቅ ሸራው ውሃውን እስኪያፈስ መጠበቅ እንጂ መንቀጥቀጥ አይጠቅምም። ከ130 ኪሎ በታች ከሆናችሁ በጣም ትቸገራላችሁ፤ በገመዱ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ የሚሞላ ከረጢት ይዛችሁ ውጡ። ታንኳው መውረድ ሲጀምር የፊተኛውን አግዳሚ ያዙ፤ ያለበለዚያ ጀልባው በዚያኛው ጎን ይገለበጣል፣ ወይም ጥሏችሁ ይሄዳል።

ተደፍቶ ምሰሶው ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ከዞረ ለማንሳት በጣም ይከብዳል። በምሰሶው ጫፍ ላይ የሚታሰር ትንሽ ተንሳፋፊ ይህን ይከላከላል። ጀማሪዎች ለቁንጅናው ብለው አይፈቱት፤ የውድድር ሰዎች ያላደረጉት በአጠገባቸው አጃቢ የሞተር ጀልባ ስላላቸው ነው።